ሳይፈስ አይከፈትም

ጋሽ ግፊት ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ሳምንት ባለቤታቸው ወደ ሴት ልጃቸው ስልክ ደወሉ።

«ልጄ፣ እባክሽ ለአባትሽ ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ነገር ፈልጊለት። አለዚያ ቤቴን ብሎን በብሎን ፈትቶ ሊጨርሰው ነው።»

እውነታቸውን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የወጥ ቤቱ ቧንቧ ተፈቶ ተገጠመ። ከመፈታቱ በፊት አያንጠባጥብም ነበር፤ ከተገጠመ በኋላ ማንጠባጠብ ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት ካውያው ተፈታ። ቀጥሎ የመኝታ ቤቱ በር ቁልፍ ተራ ደረሰ፤ እሱ ደግሞ የተፈታው ባለቤታቸው ውስጥ ሳሉ ነው። አርባ ደቂቃ ያህል በሩን መሃል አድርገው፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ ሆነው ሲነጋገሩ ቆዩ። በትዳር ዘመናቸው ያን ያህል ረጅም ጨዋታ ተጫውተው አያውቁም።

«ግፊት» እናትና አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቦይለር ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። ጠዋት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት «ግፊቱ ስንት ደረሰ?» ይላሉ። ማታ ሲወጡም ከስንብት በፊት ያው ነው። አጣቢዎቹ ሴቶች መጀመሪያ ከኋላቸው፣ ሲለምዱ ደግሞ ፊት ለፊት «ጋሽ ግፊት» አሏቸውና በዚያው ጸና። ባለቤታቸውንም ያገኟቸው እዚያው ነው። ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው የተቀደደ አንሶላ ይጠቅሙ ነበር። ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩ ግን ይወጋሉ። «እትዬ መርፌ» የተባሉት በሙያቸው ይሁን በምላሳቸው እስከ ዛሬ አልለየም።

ያ ቦይለር የዋዛ ነገር አልነበረም። ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ የሚይዝ፣ ሆደ ሰፊ፣ ሲፈላ ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ ብረት ነው። ውሃ በፈላ ቁጥር ነጭ ቅርፊት ትቶ ይሄዳል፤ ቅርፊቱ እየወፈረ ሲመጣ ቱቦውን ያንቀዋል፣ ብረቱን ያቃጥለዋል። መድኃኒቱ ማቀዝቀዝ፣ ውሃውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ማፍሰስ፣ ከዚያ ከፍቶ መፋቅ ነው። ጋሽ ግፊት ለዚህ ያወጡትን ሕግ በቀይ ቀለም ግድግዳው ላይ ጽፈውት ነበር፦ «ሳይፈስ አይከፈትም»። አንድ ቀን አንድ መካኒክ ውሃው ሳይፈስ ካቻቪቴ ይዞ ወደ ብሎን ሲጠጋ አይተው፣ የቱታውን አንገት ጨምድደው እስከ ግቢው በር ድረስ ጎትተው አስወጡት። በኋላ ሲጣራ ሰውየው ሊፈታ የነበረው የአምፖሉን መያዣ ኖሯል። «ቢሆንም» አሉ ጋሽ ግፊት፣ «ልማድ ሆኖበት ነገ ቦይለሩን ይከፍተው ነበር።»

ከዚያ ሆስፒታሉ አዲስ ቦይለር አስገባ። አዲሱ ራሱን በራሱ ይጠብቃል። ግፊቱ ስንት እንደደረሰ የሚጠይቀው ሰው አያስፈልገውም፤ ሳይጠየቅ በቀይ ቁጥር ይናገራል። ጋሽ ግፊትም አንድ ሰዓትና አንድ የምስጋና ወረቀት ተቀብለው ቤታቸው ገቡ፤ ሰዓቱንም በአራተኛው ቀን ፈቱት።

እንግዲህ ልጃቸው የእናቷን ጥሪ ሰምታ ያመጣችው የቡና ማሽን ነበር። ጥቁር፣ ከዳቦ ትንሽ ከፍ የምትል ነገር ናት። ከኋላዋ ውሃ ይሞላባታል፣ ከላይ በወረቀት ማጣሪያ ላይ የተፈጨ ቡና ይደረግባታል፣ ከሥር የመስታወት ጆግ ይቀመጣል። ውሃው በውስጧ እየሞቀ ወደ ላይ ወጥቶ ቡናው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ጋሽ ግፊት መጀመሪያ በንቀት ዙሪያዋን ዞሯት። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና ጎንበስ ብለው በጎኗ ያለችውን የውሃ ልክ የምታሳይ መስኮት አዩ። ቁጥር አላት።

«ቁጥር አላት» አሉ።

በዚያው ተያዙ።

በማግስቱ ደብተር ተገዛ። ቀኑ፣ የውሃው መጠን፣ ቡናው ለመውረድ የፈጀበት ጊዜ በየመስመሩ ይገባል። ለስድስት ስኒ ስድስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ከማሽኗ በላይ ግድግዳው ላይ ደግሞ «ያልተፈቀደለት ሰው መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። እትዬ መርፌ አነበቡት።

«ለእኔ ተፈቅዶልኛል?»

«ላንቺ በቃል ተፈቅዷል።»

ከማሽኗ ጋር አብሮ የመጣ የመመሪያ ደብተርም ነበር። ጋሽ ግፊት ሦስት ጊዜ አነበቡት፣ ሁለት የፊደል ስህተት አገኙበት፣ ከሁሉም ጋር ተስማሙ፤ ከገጽ አሥራ አንድ በስተቀር። ገጽ አሥራ አንድ ማሽኗ በወር አንድ ጊዜ በአቼቶ ትታጠብ፣ ሳትሠራ ከመቀመጧም በፊት ውሃዋ ይፍሰስ ይላል።

«በወር አንዴ አጥቡ ይላል እኮ» አሉ እትዬ መርፌ።

«እመቤቴ፣ እኔ ሁለት ሺህ ሊትር ያስተዳደርኩ ሰው ነኝ። ይቺ እኮ መጫወቻ ናት። ቅርፊት ለመያዝ እንኳ ዕድሜዋ አልደረሰም።»

«እሺ» አሉ እትዬ መርፌ።

ጋሽ ግፊት በትዳራቸው ብዙ ነገር ተምረዋል። ይህን «እሺ» ግን አልተማሩትም።

ዓመት አለፈ። ማሽኗ እንደ መጀመሪያ ቀኗ ናት። የሰፈሩ ውሃ ከባድ ነው፣ ብርጭቆ ላይ ሲደርቅ ነጭ ክብ ይተዋል፤ የጎረቤቶች ማሽን በዓመቱ ይታነቃል፣ የእሳቸው ግን ከስድስት ተኩል ደቂቃ አልፋ አታውቅም። ያኔ ነው ጋሽ ግፊት ልባቸው ያበጠው። በኮሪደሩ ማዶ የሚኖር አንድ የጂኦግራፊ መምህር ማሽኑ በስምንት ወሯ ሞታበት ሁለተኛ ሲገዛ፣ ሳይጠሩ ሄደው ትምህርት ሰጡት።

«ምስጢሩ የውሃው አጨማመር ላይ ነው። አንተ ውሃውን ትደፋዋለህ አይደል? አየህ! ውሃ ሲደፋ ይቆጣል። የተቆጣ ውሃ ቅርፊት ይተክላል። ከፍ አድርገህ፣ በቀጭኑ፣ እያባበልክ ነው የምታወርደው።»

«እያባበልኩ» አለ መምህሩ።

«እያባበልክ።»

መምህሩ አመስግኖ ሸኛቸው። ጋሽ ግፊትም ያን ቀን በደብተራቸው ላይ «ለጎረቤት ሥልጠና ተሰጠ» ብለው ጻፉ።

በሁለተኛው ዓመት ልጃቸው አረገዘች። የምትኖረው በሌላ ከተማ ነው። መውለጃዋ ሲቀርብ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሳ ስላዘዘ፣ እትዬ መርፌ ሦስት ወር ሊያስታምሙ ሻንጣቸውን አዘጋጁ። ጋሽ ግፊትም አብሬ ልሂድ ብለው ነበር፤ ልጃቸው ግን «አባዬ፣ እወድሃለሁ፤ ግን ቤቱ ኪራይ ነው» አለቻቸው። ነገሩ ገባቸው።

እትዬ መርፌ በመሄጃቸው ቀን በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ማሽኗን እንግዲህ…»

«ማሽኗን ለእኔ ተይው።»

«አይ፣ አንድ ነገር ልንገርህ ብዬ…»

«ስለ ማሽን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? ሂጂ፣ መኪናው ይሄድብሻል።»

እትዬ መርፌ አዩዋቸው። «እሺ» አሉና ሄዱ።

የመጀመሪያው ወር በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ወር አጋማሽ ላይ ደብተሩ ስምንት ደቂቃ ጻፈ። ጋሽ ግፊት የመብራት ኃይሉ ዝቅ ብሎ ነው አሉ። ዘጠኝ ከሠላሳ ሲሆን የቡናው አፈጫጭ ነው አሉ። አሥራ አንድ ሲደርስ የአየሩን ጠባይ ከሰሱ። ማሽኗም ታቃስት ጀመር። ድሮ በለሆሳስ የምታንጎራጉር የነበረችው፣ አሁን ዳገት እንደሚወጣ አስም ያለበት ሰው ሁለት ጊዜ ትተነፍስና ታርፋለች። ጋሽ ግፊት ውሃውን ከፍ አድርገው፣ ይበልጥ አቅጥነው፣ ይበልጥ እያባበሉ አወረዱላት። አሥራ ሰባት ደቂቃ።

በአሥረኛው ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መምህሩ ሕፃኗ በሰላም መወለዷን ሰምቶ እንኳን ደስ አለዎት ሊል መጣ። ሴት ናት፣ አያቷ ደግሞ ደስታቸው ወሰን የለውም። «ቁጭ በል፣ ቡና ሳትጠጣ አትሄድም» ብለው ማሽኗን ሞሉና አበሯት። ጨዋታ ያዙ። የሕፃኗን ክብደት አወሩ። አወላለዷን አወሩ። ቡናው የለም። የአየሩን ነገር አወሩ። የመምህሩን ተማሪዎች አንድ በአንድ አነሱ። ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ በጆጉ ውስጥ ያለው ቡና ዓይን ውስጥ ቢገባ አይቆረቁርም። ከዚያ ማሽኗ አንድ ረጅም ጩኸት ጮኸች፣ በክዳኗ በኩል እንፋሎት ተፋች፣ ጸጥ አለች።

ጉድ ፈላ እንጂ ቡናውስ አልፈላም።

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ ምናልባት አጨማመሩ ላይ ይሆን?»

ጋሽ ግፊት «ዛሬ ትንሽ ደክሟታል» ብለው መምህሩን ሸኙት። በሩን ዘጉ። ካቻቪቴያቸውን አወጡ። ሶኬቱን ነቀሉ፤ ይህን እንኳ አልረሱም። የምሣ ጠረጴዛው ላይ ደብተራቸውን አጠገባቸው ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፣ ማሽኗን በሁለት እጃቸው አቅፈው ገለበጧት። ብሎኖቹ ያሉት ከሥሯ ነውና።

ሙሉ ውሃ እንዳለባት ትዝ ያላቸው ውሃው ጭናቸው ላይ ሲያርፍ ነው።

ደግነቱ ለብ ያለ ነበር። ግማሹ ሱሪያቸው ላይ፣ ግማሹ ደብተሩ ላይ ወረደ። የሁለት ዓመት ቁጥር ከነሰከንዱ ሰማያዊ ሆኖ በጠረጴዛው ላይ ይሄድ ጀመር። ሠላሳ አንድ ዓመት «ሳይፈስ አይከፈትም» ሲሉ የኖሩ፣ በዚህ ሕግ ሰው በአንገቱ የጎተቱ ሰው፣ የተገለበጠች ማሽን ታቅፈው፣ ውሃ እየተንጠባጠበባቸው ቁጭ ብለው ቀሩ።

ስልኩ ጮኸ። አሥር ሰዓት ነው፤ እትዬ መርፌ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ይደውላሉ።

«ሃሎ» አሉ ጋሽ ግፊት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ምንም። ቁጭ ብያለሁ።»

«የሚንጠባጠብ ነገር ይሰማኛል።»

«ዝናብ ነው።»

«ጠዋት ፀሐዩ አናት ይበሳል ብለኸኝ የለ?»

ከጠረጴዛው ጫፍ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ማሽኗ ናት?» አሉ እትዬ መርፌ።

«ታማለች» አሉ ጋሽ ግፊት፤ የሆስፒታል ሰው ናቸውና። «አንድ ወር ሊሆናት ነው። ታቃስታለች፣ እንፋሎት ትተፋለች፣ ውሃ አታወርድም።»

«ገለበጥካት?»

«…አዎ።»

«ውሃዋን ሳታፈስ?»

ጋሽ ግፊት የረጠበ ሱሪያቸውን አዩ። እትዬ መርፌ ሳቁ። ሲስቁ ድምፅ አያወጡም፤ ስልኩ ውስጥ የሚሰማው የተቆራረጠ ትንፋሻቸው ብቻ ነው፤ እሱም ቶሎ የሚያበቃ አልነበረም።

«በል ሱሪህን ቀይረህ ተመለስ» አሉ በመጨረሻ። «ስልኩን አልዘጋውም።»

ቀይረው ተመለሱ።

«ከላቫንዲኖው ሥር ያለውን ሳጥን ክፈት። ከልብስ ሳሙናው ኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ ታገኛለህ።»

ጋሽ ግፊት ተንበርክከው አወጡት። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ። አፍንጫቸው ተኮማተረ።

«ይሄ አቼቶ ነው።»

«ነው።»

«እዚህ ምን ይሠራል?»

«ሥራውን ይሠራል። ጨርቁን እየው፣ ጠርዙን።»

የጨርቁ ጠርዝ ላይ በቀይ ክር የተሰፉ ትናንሽ ስፌቶች ተደርድረዋል። ጋሽ ግፊት ያን ጨርቅ ከአንዴም ሁለት ሦስቴ አይተውታል፤ ለጌጥ ነው ብለው ነበር።

«በወር አንድ ናቸው» አሉ እትዬ መርፌ። «አንተ የጡረተኞች ማኅበር ስትሄድ፣ በወሩ መጀመሪያ ማክሰኞ።»

ጋሽ ግፊት የረጠበውን ደብተር በጣታቸው ጫፍ ገለጡት። ውሃው የማራቸው ጥቂት መስመሮች ነበሩ። አንድ ማክሰኞ፦ «ዛሬ እጅግ ፈጣን። ምክንያቱ የአየሩ ጠባይ።» ሌላ ማክሰኞ፦ «በጣም ፈጣን። ምክንያቱ የውሃው አጨማመር።» ሌላ ማክሰኞ፦ «ወጥ ቤት ውስጥ የሚቆመጥጥ ሽታ አለ። ባለቤቴ ሰላጣ ነው አለች።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ አሞኘሽኝ!» ብለው ጮኹ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ደስ ብሎህ ነበር» አሉ እትዬ መርፌ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በመጀመሪያው ቀን ነገርኩህ፤ መጫወቻ ናት አልክ። ስሄድ ልነግርህ ስል ደግሞ መኪና ይሄድብሻል አልከኝ። በመሃሉ ደግሞ…» ቆም አሉ። ከወዲያ ማዶ ሕፃኗ ስታለቅስ፣ ልጃቸው እሽሩሩ ስትል ይሰማል። «ጡረታ የወጣህ ሰሞን በየጠዋቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ትነሳና ጫማህን አድርገህ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። የተኛሁ መስዬ አይህ ነበር። ማሽኗ ከመጣች በኋላ ጫማህን አድርገህ ወደ ወጥ ቤት መሄድ ጀመርክ። ምን ብዬ ላበላሸው?»

ጋሽ ግፊት ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት። ለመቆጣት ሞከሩ፤ ቁጣው እንደ ማሽኗ ውሃ ከመንገድ ቀረ።

«እና አሁን ምን ላድርግ?» አሉ።

በውሃ ነገር ሰው ሲጠይቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«ግማሽ አቼቶ፣ ግማሽ ውሃ ሙላባት።»

«አንድ ሦስተኛ ቢሆንስ? ምክንያቱም በእኛ ቦይለር…»

«አንተ ሰው!»

«እሺ።»

«አብራት። በግድም ቢሆን ግማሹ ሲወርድ አጥፋትና ግማሽ ሰዓት ተዋት፤ አቼቶው ውስጥ ውስጡን ይብላላት። ከዚያ የቀረውን ጨርሳ ታውርድ። ከዚያ ሁለት ጊዜ በንጹህ ውሃ፣ ሽታው እስኪለቅ። ካልለቀቀ ሦስተኛ።»

«ጨርሻለሁ ማለት ነው?»

«አልጨረስክም። ሶኬቱን ነቅለህ ትቀዝቅዝ። ክዳኗን ከፍተህ ላቫንዲኖው ላይ ወደ ኋላዋ ጋደም አድርጋት። በሆዷ እንዳትገለብጣት፤ ያኛው በኩል መብራቱ ነው ያለው። ትንሽ ወዝወዝ አድርጋት፣ ጥጓ ውስጥ ተደብቃ የምትቀር ውሃ አለች፤ የሚሸትተው እሷ ናት። ከዚያ ክዳኗን ክፍት አድርገህ ትድረቅ።»

«ማቀዝቀዝ፣ ማፍሰስ፣ ከዚያ መክፈት» አሉ ጋሽ ግፊት ቀስ ብለው።

«ታዲያ ከማን የተማርኩት መሰለህ? ሃያ ስምንት ዓመት ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ ስትጮህ ስሰማ አይደል የኖርኩት?»

ይህን ሲሰሙ ጋሽ ግፊት ደረታቸው ትንሽ ነፋ ለማለት ሞከረ። ምን ይደረግ፤ ሰውየው እንዲህ ናቸው።

ያን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ግፊት እንደ ታዘዙት አደረጉ። የመጀመሪያው ዙር አርባ ደቂቃ ፈጀ። ግማሽ ሰዓቱን ሲጠብቁ ከማሽኗ አጠገብ አልተነሱም፤ ሁለት ጊዜ ጆሯቸውን ለጥፈው አዳመጧት። ዳግም ሲያበሯት አንድ ጊዜ አጉረመረመች፣ አስነጠሰች፣ ከዚያ ውሃው ቀጥ ብሎ መጣ። በማጣሪያው ወረቀት ላይ ነጭ ቅርፊት ወረደ። እንደ እንቁላል ልጣጭ ስስ የሆነ፣ አንዳንዱ የጥፍር ያህል የሚሆን። ጋሽ ግፊት አንዱን በጣታቸው አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት።

«ቅርፊት!» አሉ ለብቻቸው። ከሆስፒታሉ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ያለ ዓይን የሚሞላ ቅርፊት አይተው አያውቁም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ከነከናቸው። የኮሪደሩ ማዶ መምህር ነው። ያ ምስኪን ሰው ከዓመት በላይ ውሃ እያባበለ መኖሩ ነው። ቢሸሽጉት ማንም አያውቅባቸውም፤ ግን ጋሽ ግፊት ጉረኛ ናቸው እንጂ ውሸታም አይደሉም፤ ዝናቡን ካልቆጠርንባቸው። በማግስቱ የማጣሪያውን ወረቀት ከነቅርፊቱ በሳህን ይዘው በሩን አንኳኩ።

«ስለ አጨማመሩ ጉዳይ ነው የመጣሁት» አሉ ቆመው። «ያልኩህ ነገር ልክ አይደለም። ውሃ አይቆጣም። ማሽኑ የሚታጠበው በአቼቶ ነው፤ ባለቤቴ ናት ስታጥበው የኖረችው፤ እኔ አላወቅኩም ነበር። ያንተም ማሽን እንዳትሞት ብዬ ነው።»

መምህሩ ሳህኑን አየ። ጣሪያውን አየ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ገባና አንድ ጠርሙስ ይዞ ወጣ። አቼቶ ነው።

«ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ። እርስዎ ትምህርቱን በሰጡኝ ማግስት እትዬ መጥተው አሳይተውኝ ነበር። በወሩ መጀመሪያ ማክሰኞ፣ እርስዎ በማይኖሩበት ጊዜ አድርገው ብለውኛል።»

ጋሽ ግፊት ወደ ኮሪደሩ በሮች ዞር ብለው አዩ።

«ለመሆኑ ሕንጻው ሁሉ ነው የሚያውቀው?»

መምህሩ ትንሽ አሰበ። ሐቀኛ ሰው ነው። «ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አያውቁም» አለ።

ጋሽ ግፊት መጀመሪያ ከንፈራቸውን ነከሱ። ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳህኑን መምህሩ እጅ ላይ ጥለው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። መምህሩም ፈራ ተባ እያለ ተከተላቸው። ያን ቀን ቡናውን በመምህሩ ማሽን ጠጡ፤ አምስት ደቂቃ ከሃምሳ። ጋሽ ግፊት ሰዓታቸውን አይተው ነበር።

እትዬ መርፌ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ወጥ ቤት ገብተው ማሽኗን አዩ። ክዳኗ ተከፍቷል፣ ውስጧ ደርቋል። ጣታቸውን ሰደው ጥጓን ዳሰሱ። ደረቅ ነው። ግድግዳው ላይ የነበረው የክልከላ ወረቀት ተነስቷል። እትዬ መርፌ ቡና አፈሉ፤ ጋሽ ግፊት የሕፃኗ አፍንጫ በማን እንደወጣ ሲጠይቁ፣ «ባንተ፤ ታድጋለች፣ ይስተካከላል» አሏቸው።

ጋሽ ግፊት አሁን በወሩ መጀመሪያ ማክሰኞ ማኅበር አይሄዱም። ሊቀ መንበሩ ሲጠይቃቸው «የጥገና ቀጠሮ አለብኝ» ይላሉ። ባልና ሚስቱ የወጥ ቤቱን መስኮት ከፍተው፣ አቼቶውን አብረው ይሞላሉ። በአንድ ነገር ብቻ አልተስማሙም፤ እትዬ መርፌ ሠላሳ ደቂቃ ይበቃታል ይላሉ፣ ጋሽ ግፊት ሠላሳ አምስት። እስኪደርስ ሌላ ሥራ አይጀመርም፤ ሬዲዮም አይከፈትም። ጋሽ ግፊት በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ለሠላሳ አንድ ዓመት ያልተናገሩትን ይናገራሉ። አሮጌው ቦይለር ተቆራርጦ በጭነት መኪና ሲወጣ ከአጥር ውጭ ቆመው ማየታቸውን፣ ሰው እንዳያያቸው ጃንጥላ መዘርጋታቸውን፣ ዝናብ ደግሞ እንዳልነበረ። እትዬ መርፌም ያዳምጣሉ፣ አንዳንዴም እሳቸው ያወራሉ፤ ይህ ሰፈሩን ያስገረመው ነገር ነው።

አንድ ማክሰኞ ልጃቸው ሕፃኗን አቅፋ፣ እንደምትመጣ ሳትነግራቸው መጣች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ዘው ብላ ገባች። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማሽኗ ጠፍታ ተቀምጣለች። አባትና እናቷ ወንበር ስበው ከፊት ለፊቷ ቁጭ ብለዋል።

«ምን ተበላሸ?» አለች ደንግጣ።

«ምንም» አሉ እናቷ። «እየጠበቅን ነው።»

«አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀራታል» አሉ አባቷ።

«ስድስት» አሉ እናቷ።

ልጃቸው አንዴ አባቷን፣ አንዴ እናቷን አየች። ሕፃኗን ለእናቷ ሰጥታ ከሳሎን ሌላ ወንበር ልታመጣ ሄደች።